የመጀመሪያው ወተት የትኛው ነው? ስለ ወተት ላም በተጻፉ የአማርኛ መምሪያዎች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ወተት ላም አመጋገብ፣ ስለ ወተት ይዘትና ስለ ከብት አያያዝ በአማርኛ የሚዘጋጁ መምሪያዎች መበራከት ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የተተረጐሙ፣ አለዚያም በእንግሊዝኛ ታስበው በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። የጽሑፎቹን እርሻዊና ሕክምናዊ ትክክለኛነት መመርመር የሙያው ባለቤቶች ሥራ ስለሆነ እኛ አንገባበትም። የእኛ ድርሻ የሚጀምረው ቃሉ ከወረቀት ወጥቶ በረት ሲገባ ምን እንደሚሆን ስንጠይቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ በአርቢዎች እጅ ያገኘናቸውን ጥቂት በራሪ ጽሑፎችና መምሪያዎች መነሻ አድርገን ስያሜዎቻቸውን ለመመዘን እንሞክራለን። የአዘጋጆቹን ስም አንጠቅስም፤ ጉድለቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ሳይሆን የአሠራር ነውና። በዚያም አሠራር ውስጥ እኛ ራሳችን እንዳለንበት ወደ መጨረሻው እናሳያለን።

አካባቢውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት፣ በበጋው ወራት ውርጭ የሚመታት፣ ገብስና ከብት ተደጋግፈው የሚኖሩባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) የምርምር ጣቢያ ካቋቋመባቸው ስፍራዎች አንዷ ስትሆን፣ ከብት በአነስተኛ ገበሬ ኑሮ ውስጥ ያለውን ድርሻ የመረመረው የጊዶ ግሪሰልስ የዶክትሬት ጥናት (1988 እ.ኤ.አ.) የተሠራው ከደብረ ብርሃን አጠገብ በባሶና ወራና ወረዳ ነው። ዛሬ ደግሞ በከተማይቱ የቢራ ፋብሪካዎች ስላሉ የብቅላቸው አተላ ወደ ላሞች ግርግም ይገባል። ከዚያ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አንኮበር ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ሌላ ትዝታ አላት። እ.ኤ.አ. በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በለንደን ያሳተመው ኢዘንበርግ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከክራፕፍ ጋር፣ አንኮበር ዋና መቀመጫው ወደነበረችው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር መጥቶ ነበር። የኢዘንበርግ መዝገበ ቃላት ከታተመ እንግዲህ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከአንኮበር ከተማ ወጣ ባለ አንድ መንደር፣ የተዳቀለች ጊደር በብድር ገዝተው ያረቡ የአንዲት እናት ቤት ገብተን ነበር። ጊደሪቱ በክራለች፤ ጥጃው ግን በአምስተኛው ቀን ሞቷል። እኛ የሄድነው የከብት ቀለም ስሞችን ለመልቀም እንጂ የጥጃ ሞት ለመመርመር አልነበረምና ነገሩን ያነሣነው ለማጽናናት ያህል ነው።

«እማማ፣ እንገሩን ጠጥቶ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ኧረ የለም ጌታዬ፤ የመጀመሪያው ወተት ይደፋ ተብሎ የለም እንዴ? ልጄ ናት ያነበበችልኝ» አሉንና ከሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ በራሪ ጽሑፍ አወጡልን።

አነበብነው። ስለ አለባ ንጽሕና በሚናገረው ክፍል «የመጀመሪያው ወተት መደፋት አለበት» ይላል። ሁለት ገጽ አልፎ ስለ ጥጃ አያያዝ በሚናገረው ክፍል ደግሞ «የመጀመሪያው ወተት ለጥጃው መሰጠት አለበት» ይላል። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው። የፊተኛው የሚናገረው በእያንዳንዱ አለባ መጀመሪያ ላይ ከእያንዳንዱ ጡት ሁለት ሦስት ጊዜ ተጨምቆ ስለሚወጣው ወተት ነው፤ ይህም ወተት ረግቶ ወይም ደም ቀላቅሎ እንደሆነ ታይቶ የግት በሽታ ይታወቅበታል፤ ከታየም በኋላ ይደፋል። የኋለኛው የሚናገረው ላሚቱ እንደወለደች ስለምትሰጠው ወፍራምና ቢጫ ወተት ነው። ላም በሽታ መከላከያዋን በእንግዴ ልጅ በኩል ለፅንሷ አታስተላልፍም፤ ጥጃው ከዚህ ወተት ካላገኘ ከየትም አያገኝም፤ አንጀቱም ይህን መከላከያ እንዳለ ወደ ደሙ ማስገባት የሚችለው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓቶች ውስጥ ነው። ጥጃው የሞተው በዚህ ምክንያት ነው ለማለት ሙያችን አይፈቅድልንም። የአንዱ ሐረግ ሁለት ፍች ግን በእጃችን ነበር።

አማርኛ ለዚህ ወተት ቃል ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። እንገር ይባላል። ገጠሬው ብቻ ሳይሆን የጤና ሠራተኛውም ያውቀዋል፤ ስለ እናት ጡት የሚያስተምሩ ጽሑፎች ይህንኑ ቃል ከላም ወደ ሰው አሻግረው ይጠቀሙበታል። ሐኪሞች ከአርቢው የተዋሱትን ቃል የአርቢው መምሪያ ራሱ መተዉ የሚያስገርም ነው። ተርጓሚው እንገርን የተወበትን ምክንያት መገመት አያዳግትም፤ ቃሉ የቤት ቃል፣ የእረኛ ቃል ሆኖ ስለታየው «ሙያዊ» ይሆንልኛል ያለውን ሐረግ ፈጠረ። የባሰው ነገር ግን ሌላ ነው። እኒያን እናት፣ እንገርን እያወቁ ለምን እንደደፉት ስንጠይቃቸው የሰጡን መልስ ይህ ነበር፦ «የእኛ ላም ብትሆን እንገሯን ለጥጃዋ እንደምሰጥ መች አጣሁት? ይቺ የፈረንጅ ናት፤ ሕጓ ሌላ መስሎኝ።» እንግዳው ሐረግ የሚያውቁትን ነገር የማያውቁት አደረገባቸው።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለኋለኛው እንገር፣ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት። ለፊተኛው ደግሞ መፈተሻ ወተት፤ ስሙ ሥራውን ይናገራልና፤ ደግሞም ለአንድ ጊዜ እንጂ ለአንድ ቀን የሚወጣ ወተት አለመሆኑ ከቃሉ ይገመታል።

ላሟን ራሷን በዕድሜዋና በሁኔታዋ የሚጠሩት ቃላት ከዚህ የሰፋ ጉዳይ ያነሣሉ። በአማርኛ አንዲት ላም በሕይወቷ የምታልፍባቸው ደረጃዎች አጥር ያለው ስም አላቸው። ያልወለደችው ጊደር ናት፤ ስትፀንስ ከብዳለች ይባላል፤ ስትወልድና ስትታለብ ጥገት ትሆናለች፤ ወተቷ ሲያልቅ ነጥፋለች ይባላል። ጥገት የሚለውን ቃል ባየናቸው መምሪያዎች ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላገኘነውም። በምትኩ «በወተት ላይ ያለች ላም» የሚል አለ፤ ይህንን ለአንድ ሽማግሌ ብናነብላቸው «ወተት ላይ ምን አወጣት?» ብለው ሳቁብን። አምስት ፊደል የማይሞላ ጥሩ ቃል እያለ አራት ቃል መደርደር ለአንባቢም ለአታሚም ኪሳራ ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪው ግን ሌላው ጫፍ ነው። የዛሬው ሙያ ላሚቱ ከመውለዷ ሁለት ወር አስቀድሞ፣ ወተት እየሰጠችም ቢሆን እንኳ አለባው እንዲቆም ያዝዛል። ምክንያቱም ግቷ ለቀጣዩ አለባ የሚታደሰው፣ በሆዷም ያለው ጥጃ ከሁሉ ይበልጥ የሚያድገው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ነው። መምሪያዎቹ ይህንን «ላምን ማድረቅ»፣ በዚህ ጊዜ ያለችውንም «ደረቅ ላም» ይሏታል። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ደረቅ ላም ሲል ምን ይሰማል? የከሳች፣ የጠወለገች፣ ምናልባትም የማትወልድ። «ደረቅ ላም ተጨማሪ ፋጉሎ ያስፈልጋታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንግዲህ የከሳችን ላም ስለ ማድለብ የሚናገር ምክር ይሆናል። ሁለት ወር የሚቀራት፣ ሰውነቷ የሞላ ላም ያለው አርቢ ይህ ምክር ለእኔ ነው ብሎ አያስብም።

ነባሩን «ነጠፈች» ብንወስድስ? ቃሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሸክም አለው። ነጠፈ ማለት አለቀ፣ ተሟጠጠ ማለት ነው፤ ምንጭም ይነጥፋል፤ የነጠፈች ላም ለጊዜው ጥቅሟ ያበቃ ላም ናት። ስለዚህ በመኖ ክፍፍል ኋላ የምትሰለፈው እሷ ናት፤ ድርቆሹና ፉርሽካው ለጥገቷ፣ የገብሱ ጭድ ለነጠፈችው። የገብስ ጭድ በፕሮቲን እጅግ ድኻ ነው፤ የኑግ ፋጉሎ ግን ከመቶ 30 ገደማ ፕሮቲን አለው። ምግቧ ከሌላው ጊዜ ይልቅ መታሰብ በሚገባው ወቅት ምግቧ የሚቀነሰው በአርቢው ስስት ብቻ አይደለም፤ ቃሉም ያግዘዋል። ደግሞም ነጠፈች የሚለው ግሥ የላሚቱን ሁኔታ እንጂ የአርቢውን ተግባር አይናገርም፤ ሙያው የሚፈልገው ግን ሰው ሆነ ብሎ የሚያደርገውን ነው። ወደዚህ ጉዳይ እንመለሳለን፤ ሳንፈታው ያለ ነገር ነውና።

አንድ ቃል ሁለት ሥራ ተሸክሞ የሚንገዳገድበት ሌላው ምሳሌ «ማዳቀል» ነው። በመምሪያዎቹ ይህ ግሥ አንድ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችን ማቀላቀልን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የኮርማ ዘር በመሣሪያ ወደ ላሚቱ ማሕፀን ማስገባትን ይናገራል። ሁለቱ በአንድ ቀን በአንዲት ላም ላይ ሊገጥሙ ስለሚችሉ ልዩነቱ ተረሳ። ነገር ግን የቦረና ላም በቦረና ኮርማ ዘር በመሣሪያ ብትጠቃ ምን እንበል? በአንደኛው ፍች ተዳቅላለች፣ በሌላኛው አልተዳቀለችም። «ላምዎ ተዳቅላለች?» ተብለው የተጠየቁ አንድ አርቢ ፈጥነው «አዎን» አሉ፤ እሳቸው የነገሩን ዝርያዋን ነው፤ ጠያቂው በመዝገቡ ላይ የጻፈው ግን ፅንስ እንደሚጠበቅ ነው። የሥሩም ጉዳይ አለ። ማዳቀል፣ ድቅልና ዲቃላ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ መምሪያ ጸሐፊዎች ከዲቃላ ለመሸሽ ድቅልን ማበጀታቸው በጎ ነው፤ በገበያ ግን «ክልስ» የሚለውም ይሰማል፣ እኛም ለጆሮ እሱን እንመርጣለን። ዘር ለማስገባቱ ተግባር ደግሞ ነባሩ ግሥ አለ፤ ኮርማው አጠቃት፣ ላሚቱ ተጠቃች፣ ባለቤቷ አስጠቃት። ማስጠቃት በኮርማም ይሁን በመሣሪያ ለሁለቱም ይሆናል። ቃሉ ዛሬ የጠብና የጦርነት ቃል ሆኗል የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። በበረት ውስጥ ግን ማንም ተሳስቶበት አያውቅም።

በዚሁ አንቀጽ ሥር ሳንጠቅሰው ማለፍ የማንችለው «በሙቀት ላይ ያለች ላም» የሚለው ነው። ባለ ከብቱ የሚለው ኮርማ ፈለገች ነው። ሙቀት በአማርኛ ትኩሳት ስለሆነ ይህን ያነበበ ሰው የሚጠራው አዳቃዩን ሳይሆን የእንስሳት ሐኪሙን ነው። የላም ፍላጎት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ያልፋል፤ ያለፈው ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው ከ21 ቀን በኋላ ነው። የአንድ ቃል ዋጋ በቀን ሲቈጠር ይህን ያህላል።

ስለ ወተት ይዘት የሚናገሩት ክፍሎች በአንጻሩ የተሻሉ ናቸው፤ አንድ ነገር ግን ያጐድላሉ። ወተት ከመቶ 87 ገደማው ውሃ ሲሆን የቀረው ጠጣር ነው፤ ከጠጣሩም አንዱ ክፍል በፈረንጅ ላም ወተት ከ3.5 እስከ 4፣ በአገር ላም ወተት ብዙ ጊዜ ከ5 በላይ ይደርሳል። ይህን ክፍል ምን እንበለው? አንዱ መምሪያ ስብ፣ ሌላው ቅባት፣ ሦስተኛው ቅቤ ይለዋል፤ እንዲያውም በአንዱ ውስጥ ሦስቱም እየተፈራረቁ ይገኛሉ። ስብ በአማርኛ ከሥጋ ጋር ያለ፣ በዐይን የሚታይ ነገር ነው፤ ላም ሰባች እንላለን፣ ወተት ሰባ ግን አንልም። ቅባት ሰፊ ነው፤ ዘይትም የጠጕር ቅባትም በውስጡ አሉ። ቅቤ ደግሞ ያለቀለት ምርት ሲሆን፣ በውስጡ ውሃም ስላለ ንጹሑ ቅባት ከመቶ 80 ገደማ ብቻ ነው። «የወተቱ ቅቤ ከመቶ 4 ነው» ተብሎ ቢነገር 100 ኪሎ ወተት የናጠች ባልትና ዐዋቂ 4 ኪሎ ቅቤ ትጠብቃለች። በስሌቱ 4 ኪሎ ቅባት ሙሉ በሙሉ ቢወጣ 5 ኪሎ ቅቤ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ከፊሉ በአሬራው ውስጥ ይቀራል፤ የቀረውም ከአሬራው አይብ ስታወጣ ከአይቡ ጋር ይነሣል። ስለዚህ ያገኘችው ከተነገራት ጋር ሳይገጥምላት ሲቀር ወተት ሰብሳቢው እንዳጭበረበራት ታስባለች፤ ዋጋው በቅባት መጠን የሚታሰብ በሆነ ጊዜ ደግሞ ጠቡ የቃል መሆኑ ይቀራል። እኛ ለንጥረ ነገሩ ቅባት፣ ለምርቱ ቅቤ፣ ለሥጋው ስብ ተለይተው እንዲቀመጡ እንመክራለን። አጓት፣ አሬራ፣ እርጎ፣ ለጋ ቅቤ፣ አይብ፤ በዚህ መስክ ቋንቋው ከተርጓሚው ይልቅ የበለጸገ ነው። ጾምና ፍስክ የሚፈራረቁበት አገር ወተትን በጾም ወራት የሚያቈይበትን መንገድና የመንገዱን ስም ሳያበጅ አይቀርም።

ስለ መናጥ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ኢልካ ከሸክላው መናጫ ውስጥ የሚገባ የእንጨት መበጥበጫ በማዘጋጀት የመናጫውን ጊዜ ለማሳጠርና ከወተቱ የሚገኘውን ቅቤ ለመጨመር ሠርቶ ነበር። ናጠ ማለት ወዘወዘ ማለት ነው፤ በዚህ መሣሪያ ግን ዕቃው አይወዘወዝም፣ የሚዞረው እንጨቱ ነው። አንድ ንጹሕ አስተሳሰብ ያለው ተርጓሚ አዲስ ግሥ ሊፈጥር ይቃጣው ይሆናል። ሴቶቹ ግን መናጥ አሉት፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

አሁን በሒሳብ ወደሚያሳስት ቃል እንምጣ። የመኖ መምሪያዎች የላምን ዕለታዊ ቀለብ የሚሰፍሩት ከመኖው ውስጥ ውሃው ቢወጣ በሚቀረው ክብደት ነው። 400 ኪሎ የምትመዝን የወተት ላም ከክብደቷ ከመቶ 3 ያህሉን፣ ማለት 12 ኪሎ ገደማ በዚህ ስፍር ያስፈልጋታል። መምሪያው «በቀን 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ይሰጣት» ብሎ ይጽፋል። ይሁን እንጂ ደረቅ መኖ በአማርኛ ቀድሞ የተያዘ ስም ነው፤ ጭድ፣ ገለባና ድርቆሽ ማለት ነው፤ ተቃራኒው እርጥብ ሣር ነው። ስለዚህ አንዱ አንባቢ 12 ኪሎ ድርቆሽ ብቻ አቅርቦ የቀረውን ትርፍ ያደርገዋል። ሌላው፣ በተለይ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው፣ የቢራ አተላ ሚዛን ላይ አውጥቶ 12 ኪሎ ይሰፍርና ልክ አደረስኩ ይላል። እርጥብ የቢራ አተላ ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነው ውሃ ነው፤ በሚዛኑ ላይ ከወጣው 12 ኪሎ ውስጥ ላሚቱ በስፍሩ መሠረት የምታገኘው ከ3 ኪሎ አይበልጥም። «ደረቅ ቁስ» የሚለውን አንዳንዶች አቅርበዋል፤ ግልጽነቱ ከፊተኛው ይሻላል፣ ነገር ግን ቁስ የሚለው ቃል ለገበሬው ምንም አይነግረውም። እዚህ ላይ የምናምነውን ብንናገር፣ እያንዳንዱ የውጭ ስም በአማርኛ ስም መመለስ አለበት የሚለው ልማድ ነው የሚያሰናክለን። ነገሩ በተውሳከ ግሥ ይመለሳል፦ «ውሃው ተቀንሶ 12 ኪሎ»። ስም አይደለም፣ በመዝገበ ቃላትም ውስጥ ዋና ቃል ሊሆን አይችልም፤ ገበሬው ግን ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ለነባር ቃል እንደምናደላ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲያ አይደለም። ከአጃ ጋር ተሰባጥሮ የሚዘራውን የመኖ ተክል መምሪያዎቹ «ቬች» ብለው በውሰት ትተውታል፤ ደግ አደረጉ። አንድ ረቂቅ ላይ ግን «ጓያ» ተብሎ ተተርጕሞ አግኝተን ሰርዘነዋል። ሁለቱ ቅጠላቸው ይመሳሰላል እንጂ ልዩ ልዩ ተክሎች ናቸው፤ ጓያን በችግር ዘመን አዘውትሮ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ አገሩ ያውቃል፣ ስሙም ፍርሃት ይዞ ይመጣል። በአንጻሩ «አሰር» የሚለው ከግእዙ ሐሠር የመጣ ቃል፣ ድሮ ገለባን ይናገር የነበረው፣ ዛሬ በሰውም በከብትም ምግብ ውስጥ ላለው ቃጫማ ክፍል መዋሉ ከተሳኩት ሥራዎች አንዱ ነው። «የሚያመሰኩ እንስሳት» የሚለውም እንዲሁ፤ ከኦሪት ዘሌዋውያን የተማረ አንባቢ አስተማሪ አያሻውም። «የመንጋ አስተዳደር» የሚለውን ግን ሁለት ላም ላለው ሰው መናገር ቀልድ ነው፤ ከብት አያያዝ ይበቃል። እበት፣ ኩበትና ፍግን እያቀላቀሉ የሚጽፉም አሉ፤ በደብረ ብርሃን እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ ወይስ ፍግ ሆኖ ማሳ ገባ የሚለው የቤቱ ዋና ውሳኔ መሆኑን ያየ ሰው አያቀላቅላቸውም ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. በአካዳሚው ሲታተም ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ሥራ ነበር፤ ዛሬም በየተርጓሚው ጠረጴዛ ላይ አለ። የተሠራበት መንገድ ግን ከእንግሊዝኛው ዋና ቃል ተነሥቶ ወደ አማርኛው የሚሄድ፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ተራ የሚከተል ነው። የመምሪያ ተርጓሚዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የእንገርን የእንግሊዝኛ ስምና የመፈተሻ ወተትን የእንግሊዝኛ ስም የወሰድን እንደሆነ፣ በዚያ ፊደል ተራ አንዱ ከሌላው በብዙ ገጾች ይርቃል። አንዱን የተረጐመ ሰው ሌላውን ሲተረጕም ሳምንታት አልፈዋል፤ ምናልባትም ሌላ ሰው ነው። እያንዳንዱ «የመጀመሪያው ወተት» በየራሱ ተራ ትክክል ሆኖ ታየ። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን የተገናኙት አንኮበር ላይ፣ በአንዲት እናት በረት ውስጥ ነው።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራና በሥር የተደራጀ በመሆኑ የአንድ ሥር ቃላት በአንድ ቤት ይገናኛሉ፤ ማዳቀልና ዲቃላ ጎረቤታሞች መሆናቸውን አንባቢ ሳይፈልግ ያያል። ነገር ግን ያ አደረጃጀትም የቃልን ዘመድ እንጂ የነገርን ዘመድ አያገናኝም፤ ጊደር፣ ጥገትና ነጠፈች የሥር ዝምድና የላቸውም፣ የአንዲት ላም ዕድሜዎች ግን ናቸው። ለሙያ ስያሜ የሚሆነው ሦስተኛ መንገድ ነው፤ የበረቱን ሥራ ከልደት እስከ አለባ፣ ከአለባ እስከ መናጫ በተራ ተከትሎ፣ መጀመሪያ ያለውን ቃል ለቅሞ፣ ከዚያ የጐደለውን ብቻ ከውጭ መፈለግ። ይህንን መንገድ ስንሞክረው ከመቶ ሃያ ከሚሆኑ ጽንሰ ሐሳቦች ውስጥ አዲስ ስያሜ የሚሹት ከሩብ በታች ሆነው አገኘናቸው። ቍጥሩ የእኛ የልቅም ዝርዝር ቍጥር ነው እንጂ ስለ አማርኛ በጠቅላላው የሚናገር አይደለም።

ያን በራሪ ጽሑፍ ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት አስተያየታችንን ተቀብሎ በሁለተኛው እትም ላይ እንገርን አስገብቷል፤ መፈተሻ ወተትንም እንዲሁ። «ደረቅ ላም» ግን እስካሁን አለች። ከላይ እንደጠቀስነው ለእሷ የሚሆን ስያሜ ስንፈልግ የሰማነው ነገር አለ። እኒያው የአንኮበር እናት ስለ ሌላይቱ ላማቸው ሲነግሩን «ልትወልድ ስለደረሰች አሳርፌያታለሁ» ብለው ነበር። ማሳረፍ በዚያ አገር ለመሬትም ይነገራል፤ ያረፈ መሬት ለከርሞ እንዲሰጥ ሆነ ተብሎ የተተወ እንጂ ያለቀለት መሬት አይደለም፤ ባለቤቱም ችላ አይለውም። ማሳረፍ እንግዲህ የሰውን ተግባር ይናገራል፣ ተስፋም አለው፣ እንክብካቤም ይጠይቃል። «ያረፈች ላም ፋጉሎ ይጨመርላት» ቢባል ማንም የከሳች አይላትም። ሐሳቡን ያቀረብንላቸው አንድ የእንስሳት ሀብት ባለሙያ ግን ተቃወሙን። ማረፍ መተው ነው፣ አለባን ማቆም ግን በጥንቃቄ የሚሠራና ግቷ እንዳይታመም ቀናት የሚከታተሉት ሥራ ነው፤ «አሳርፉ» ያልነው ሰው በአንድ ቀን ዘወር ብሎ ቢተዋትስ? አሉን። ደግሞም ማረፍ ለሞተ ሰው የሚነገር መሆኑን አስታወሱን። ለኋለኛው ማረፍና ማሳረፍ አንድ አለመሆናቸውን ተናግረናል፤ ለፊተኛው ግን እስከ አሁን አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም። በመንዝ፣ በተጉለት ወይም በሌላ ወገን ለዚህ የሚነገር ግሥ የሰማ አንባቢ ቢኖር፣ ከአነጋገሩና ከሰማበት ቀበሌ ጋር ቢልክልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።